መስኮቱን ተሸክመሽ አትዙሪ

ልጄ፣ በአእምሮ ሕክምናና በሱስ ትምህርት ልትሠሪ መቁረጥሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ትንሽም ሰጋሁልሽ። እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ።

በእኔ ጊዜ ፋርማሲስት ከመስኮት ኋላ ይቆም ነበር። ማዘዣውን ያነብ፣ ኪኒኑን ይቆጥር፣ «ጠዋትና ማታ» ብሎ ይሸኝ ነበር። እናንተ ጅማ ተምራችሁ ክሊኒካል ፋርማሲስት ተባላችሁ፤ ከሐኪሞች ጋር ከአልጋ ወደ አልጋ ትዞራላችሁ። ደግ ነገር ነው። ብቻ መስኮቱን ተሸክመሽ እንዳትዞሪ።

ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ በመርፌ ይለቀዋል። እናቱ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ርኩስ መንፈሱ የባሰበት ይመስላታል። ኪኒኑን ታስቆመዋለች። ልጁ ሲብስበት ተመልሶ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይገባል። አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ! የምትሰማሽ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ንገሪያት። ጸበሉን አትንቀፊባት። «ጸበሉም ይሁን፣ ኪኒኑም አይቋረጥ» በያት።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ወጣት ሳለሁ፣ ለዓመታት ከማለዳ ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው መጣ። «ዛሬውኑ ተው!» ብዬ ገሠጽኩት። ምስኪን፣ ሰማኝ። በማግስቱ ወድቆ ተንፈራገጠ። ተረፈ፣ ተመስገን። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ብዙና ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው መጠጡ በድንገት ሲቀርበት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ ይችላል። የሚጥለው ከሆነም ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚተወው ሐኪም እያየው፣ ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ እየተሰጠውና ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት፣ ቫይታሚን ቢ1ም እየወሰደ ነው። ስለዚህ ስታስተምሪ በቁጣ አትጀምሪ። ጠይቂ። ምን ያህል ይጠጣል? ከመቼ ጀምሮ? ሳይጠጣ ያደረ ለት ምን ይሆናል? እኔ አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር።

ሕሙማኑንም ቀርበሽ እወቂያቸው። ከእኛ ከአዲስ ዓለም ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ገፈርሳን ታልፊያለሽ። እዚያ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ስሙ ሲነሣ ሰው ይሥቃል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል። አንቺ ውረጂ። ገብተሽ እያቸው። ሻይ የሚያፈላ፣ ጓሮ የሚኮተኩት፣ ስምሽን የሚጠይቅሽ ሰው ታገኛለሽ።

አሁን ወደ ስጋቴ ልምጣ። ዲያዜፓም በልዩ ማዘዣ ይወጣል፣ ይመዘገባል፣ ይቆለፋል። ቁልፉ ግን አንቺ ዘንድ ነው። ተረኛ ሆነሽ አድረሽ፣ ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ፣ «አንዲት ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አንዲቷ ሁለት ትሆናለች። ነቅቶ ለማደር ተብሎ የሚቃመው ጫትም መንገዱ ያው ነው። ይህን ለሌላው የምታስተምሪ ልጅ ነሽ፤ ለራስሽ አይጠፋሽም። ግን ድካም ያወቁትን ያስረሳል፣ ልጄ።

ሲከብድሽ ብቻሽን አትያዥው። አዲስ ዓለም ሩቅ አይደለችም፤ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሳትደውዪም ነይ። ሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኪ፤ እኔ እንደሆንኩ በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፌ ቀላል ነው።