ተወለዱ እንጂ አልተመለሱም

በኤፕሪል 2025 ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለ የአሜሪካ ካምፓኒ ሦስት ነጫጭ ቡችሎችን ለዓለም አስተዋወቀ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሁለቱ ወንዶች ሮሙሉስና ረሙስ ይባላሉ፤ የተወለዱት በኦክቶበር 2024 ነው። ሴቷ ካሊሲ ትባላለች፤ እሷ በጃንዋሪ 2025 ተከተለቻቸው። ካምፓኒው ቡችሎቹ ሲያላዝኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀና ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ያልተሰማ ድምፅ ነው አለን። በጌም ኦፍ ትሮንስ ያወቅነው፣ በእውነትም በአንድ ዘመን በአሜሪካ ምድር ይኖር የነበረው ግዙፍ ተኩላ፣ ዳየር ዎልፍ፣ ተመልሷል ተባለ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሄኛውን ስም ያወጣው ግን ዋጋው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመተ ካምፓኒ ነው። ስለዚህ ስሙን ከመቀበላችን በፊት ቆም ብለን ብናየው አይከፋም። «ተመለሰ» ቀላል ቃል አይደለም። ለሞተ ዘመድ የማንለውን ቃል ነው ለተኩላ ያልነው።

መጀመሪያ ምን እንደተሠራ እንይ። ተመራማሪዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ከተገኘ 13,000 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ጥርስ እና አይዳሆ ውስጥ ከተገኘ 72,000 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ የራስ ቅል ዲኤንኤ አወጡ። ዲኤንኤ የአንድ ሕያው ፍጥረት የአሠራር መመሪያ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው ብንል፣ እነሱ እጅ የገባው ተቦጫጭቆ ገጹ የተበታተነ መጽሐፍ ነው። ቁርጥራጩን በኮምፒውተር ገጣጥመው አነበቡት። ግን ማንበብ ሌላ፣ ማስነሳት ሌላ ነው። ከዚያ ጥርስ ውስጥ የሚነሳ ሕያው ሴል የለም። ስለዚህ በሕይወት ወዳለ ዘመድ፣ ወደ ግራጫ ተኩላ ሄዱ። ከደሙ ሴል ወሰዱ። ከዚያ ክሪስፐር በሚባለው የጂን ማስተካከያ፣ ማለትም ለኢማኑኤል ሻርፖንቲዬና ለጄኒፈር ዳውድና የ2020ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ባስገኘው መሣሪያ፣ በ14 ጂኖች ውስጥ 20 ቦታ አስተካከሉ። የተስተካከለውን የሴል ኒውክለስ የራሱ ኒውክለስ በወጣለት እንቁላል ውስጥ አስገቡ፤ ፅንሱንም ለቤት ውሻ አስረገዙ። ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 የተወለደችበት የክሎን መንገድ መሆኑ ነው።

እስቲ 20 የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ። የግራጫ ተኩላ ጂኖም 2.4 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። ካምፓኒው ራሱ ሁለቱ እንስሳት 99.5 በመቶ ይመሳሰላሉ ይላል። የቀረው ግማሽ በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ወደ 12 ሚሊዮን ፊደል ይሆናል። የተነካው በጠቅላላ 20 ቦታ ነው። ከ20ውም ከጥንቱ ተኩላ የተቀዱት 15ቱ ናቸው። የጥንቱ ተኩላ የፀጉር ቀለም ጂኖች በግራጫ ተኩላ ላይ መደንቆርና መታወር ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ፀጉሩን በሌላ መንገድ እንዲነጣ አደረጉት። ለቡችሎቹ ጤና ሲባል ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሊመሰገኑበት ይገባል። ግን ቪዲዮው ላይ ልባችንን የሰረቀው ነጭ ፀጉር ከጥርሱም ከራስ ቅሉም አልመጣም ማለት ነው።

የካምፓኒው ዋና ሳይንቲስት ቤት ሻፒሮ ራሳቸው በዚያው ዓመት ለኒው ሳይንቲስት መጽሔት ሲናገሩ፣ እንስሳቱ 20 ቦታ የተስተካከሉ ግራጫ ተኩላዎች መሆናቸውን ገልጸዋል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ ዘመዶች ባለሙያዎች ቡድንም እነዚህ ዳየር ዎልፍ አይደሉም ብሏል።

እሺ፣ ይሁን። ቴክኖሎጂው ገና ጅምር ነው። አንድ ቀን 12 ሚሊዮኑንም ፊደል ማስተካከል ቢቻልስ? ያኔ ተመለሰ እንላለን?

እኔ አሁንም አንልም ባይ ነኝ። አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ አልቆ መዝገበ ቃላት ብቻ ቀረ እንበል። ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው አግኝቶት አንድም ቃል ሳይስት አጠናው። አማርኛ ተመለሰ? ቃሉ አዎ። ግን ለማን እሹሩሩ እንደሚባል፣ ለቅሶ ቤት ምን ተብሎ እንደሚገባ፣ የቱ ቃል ሲነገር ሽሙጥ እንደሚሆን የሚነግረው ማን ነው? ተኩላም እንደዚሁ ነው። ምን እንደሚታደን፣ ከመንጋው ማን እንደሚቀድም፣ ከምን እንደሚሸሽ የሚማረው ከእናት ከአባቱ ነው። ለሮሙሉስና ለረሙስ ዳየር ዎልፍነትን የሚያሳይ ዳየር ዎልፍ የለም። የጥንቶቹ ያድኗቸው ከነበሩት ትላልቅ እንስሳት ብዙዎቹም አብረው ጠፍተዋል። ሦስቱ የሚኖሩት አሜሪካ ውስጥ ቦታው ባልተገለጸ፣ 800 ሄክታር ገደማ በሚሆን የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሰፊ ነው፣ ሐኪምም ቀለብም አለ። አገር ግን አይደለም።

ስለዚህ እነዚህ እንስሳት አልተመለሱም፤ ተወለዱ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። «ተመለሰ» ስንል ታሪኩ ስለ እኛ ይሆናል፤ እኛ አጠፋን፣ እኛ መለስን። «ተወለደ» ስንል ግን ከፊታችን ማንም ያልጠየቀው፣ የሚራብ፣ የሚያመው አዲስ ፍጥረት ይቆማል። ለእሱ ደግሞ ዕዳ አለብን።

ይሄ ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስፔን አይታዋለች። በፒሬኔስ ተራሮች ይኖር የነበረ ቡካርዶ የሚባል የዱር ፍየል ነበር። የመጨረሻዋ፣ ሴሊያ የሚል ስም የወጣላት፣ በ2000 መጀመሪያ ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። ከመሞቷ በፊት ከቆዳዋ ሴል ተወስዶ ስለነበር፣ በ2003 ተመራማሪዎች ክሎን አደረጓትና አንዲት ግልገል ከፍየል ማህፀን ተወለደች። ሳንባዋ በትክክል አልተሠራም። በተወለደች በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ዜናው ሲወራ የጠፋ ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰ፣ ሁለት ጊዜም ጠፋ ተባለ። ለግልገሏ ግን ሁለት ጊዜ የሚባል ነገር የለም። የኖረችው አንዴ ነው፤ እሱንም አየር እያጠራት።

ማሞዝን እንመልሳለን የሚለው ዕቅድ ላይም ጥያቄው ይኸው ነው። የዝሆን እርግዝና ወደ 22 ወር ይፈጃል። ለማሞዝ የቅርብ ዘመዱ የእስያ ዝሆን ነው፤ እሱም ራሱ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ሙከራው ሲከሽፍ የሚከሽፈው ሰውነት የማን ነው? ካልከሸፈስ፣ መንጋ አፍቃሪ የሆነውን ግልገል ማን ያሳድገዋል?

አሁን የተቃራኒውን ወገን ክርክር በጠንካራ ጎኑ እንስማው። ታስማኒያ ውስጥ ታይላሲን የሚባል፣ ጀርባው ባለ ሽንትር፣ እንደ ካንጋሮ ልጁን በከረጢት የሚያዝል አዳኝ እንስሳ ነበር። በግ ይበላል ተብሎ መንግሥት ከ1888 እስከ 1909 ድረስ ለገደለ ሰው በአንድ ራስ አንድ ፓውንድ ከፈለ። ከ2,000 በላይ ክፍያ ተፈጸመ። በሕግ እንዲጠበቅ የተወሰነው በጁላይ 1936 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን፣ የመጨረሻው ታይላሲን በሆባርት የእንስሳት ማቆያ ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ዳየር ዎልፍን ሰው አጠፋው ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ይከብዳል። ታይላሲንን ግን ማን እንዳጠፋው ደረሰኙ አለ። ታዲያ ያጠፋ አይክስም? አቅሙ ካለን መመለስ ግዴታችን አይደለም? ይሄን ክርክር ቀልድ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። በጥፋተኝነት ስሜት ብቻ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ጽድቅ አይደለም።

ግን ካሳ ምን እንደሆነ እኛ በደንብ እናውቃለን። ሰው ሲገደል ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የበዳይ ወገን ይመጣል፣ የተበዳይ ወገን ይመጣል፣ ጥፋት ይታመናል፣ ካሳ ይቆረጣል። የደም ካሳ የተቀበለ ቤተሰብ ግን ልጃችን ተመለሰ አይልም። ማንም እንዲል አይጠይቀውም። ካሳው ሞቱን ያምናል እንጂ አይሽረውም። ደግሞም የሚከፈለው ለሟች አይደለም፤ ለቀሩት ወገኖቹ ነው።

እዚህ ጋ ነው «እንመልሳለን» የሚለው ሐሳብ ከካሳ የሚለየው። የከሰሩት ታይላሲኖች የሉም። ነገ በጂን ማስተካከያ የሚወለደው እንስሳ ተበዳይ አይደለም፤ ገና ምንም አላጣም። የእነሱን ዕዳ ለእሱ መክፈል፣ ያውም የአጥር ውስጥ ሕይወት አድርጎ፣ የአንዱን ዕዳ ለሌላው መስጠት ነው። ካሳ ካልን መሄድ ያለበት ወደ ቀሩት ወገኖች ነው፤ ዛሬ ጠርዝ ላይ ወደቆሙት።

ይሄን ስል ሳይንሱን እየጣልኩ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኦል ፔጄታ በተባለው ጥብቅ ስፍራ፣ በዓለም የቀሩት ሁለት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ይኖራሉ፤ ናጂን እና ልጇ ፋቱ። የመጨረሻው ወንድ ሱዳን በማርች 2018 ሞተ። ሳይንቲስቶች ከፋቱ እንቁላልና ቀድሞ በበረዶ ከተቀመጠ የወንድ ዘር ፅንሶች አዘጋጅተዋል። ፅንሶቹን የሚሸከሙት የደቡብ ነጭ አውራሪሶች ናቸው። የሚቸኩሉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ግልገሉ ናጂንና ፋቱ በሕይወት እያሉ ከተወለደ አውራሪስነትን ከእነሱ ይማራል። እዚህ የሚያሳድግ አለ። ገና ያልተበጠሰ ክር አለ፤ ሳይንሱ የሚይዘው እሱን ነው። ግን ናጂን የተወለደችው በ1989 ነው። ጊዜ የላትም።

ክሩን ለመያዝ ደግሞ ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የራሳችን ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የተኩላ ወገን ነው። ከዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ዋናው ገዳዩ የውሻ በሽታ ነው። በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ የወብ ሸለቆ ሲገባ፣ በዚያ አካባቢ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ውሾቹን መከተብ፣ ቀበሮዎቹንም ክትባት በስጋ ደብቆ ማብላት። ይሄን ሌሊት በብርድ ተራራ ላይ እየዞሩ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቪዲዮአቸው ግን ብዙ ሰው አያየውም። በጎቹን ከጅብ ለመጠበቅ ውሻ የሚያረባው የባሌ እረኛ ደግሞ ጠላት አይደለም። ሸክሙን ብቻውን ተሸከም ካልነው ግን ጠላት እናደርገዋለን።

አንዳንዶች ለማሞዝ የሚወጣው ገንዘብ ቢቀርም ለክትባት አይውልም ነበር ይላሉ። ምናልባት እውነት ነው። ባለሀብት የሚያስደንቀውን ይወዳል። ካምፓኒውም ከዳየር ዎልፉ ጋር አብሮ ለመጥፋት የተቃረበውን ቀይ ተኩላ ለመርዳት የሚሆኑ ክሎኖች መሥራቱን ተናግሯል። የእኔ ስጋት ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሕጉና ሕሊናው ላይ ነው። የቡችሎቹ ዜና እንደወጣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዳግ በርገም ዜናውን አወድሰው፣ አደጋ ላይ ያሉ እንስሳት መዝገብን ነቀፉ፤ እንስሳትን ከመዝገቡ የሚያስወጣው ቁጥጥር ሳይሆን ፈጠራ ነው የሚል መልእክት ጻፉ። አያችሁ ቃሉ ወዴት እንደሄደ? የጠፋ የሚመለስ ከሆነ፣ እንዳይጠፋ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ቀበሮው ያለበትን ሣር ማረስም፣ ደኑን መቁረጥም በኋላ የሚስተካከል ስህተት ይሆናል።

ሮሙሉስ፣ ረሙስና ካሊሲ በዚህ ሁሉ ጥፋት የለባቸውም። በሕይወት አሉ፤ መልካም ሕይወት ይገባቸዋል፤ የሞቱትን ስም የመሸከም ግዴታም የለባቸውም። ከእነሱ ቀጥሎ ሌላ ከመወለዱ በፊት ግን የሚጠየቅ ነገር አለ። ማን ያሳድገዋል? ከአጥር ውጭ የሚኖርበት አገር አለው? በሕይወት ያለው ዘመዱስ እንዴት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው በጂኖም የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ የፈሰሰ ውሃ እያፈሰ ነው። ናጂን ግን አለች። ፋቱም አለች። ባሌም ላይ ዛሬ ቀዳዳው አጠገብ ፍልፈል የሚጠብቅ ቀይ ቀበሮ አለ።