የባለሱቁ ፊት፣ የፋብሪካው ገንዘብ

በኦገስት 2010 (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አውስትራሊያ ለምርጫ ስትሰናዳ አንድ ማስታወቂያ ቴሌቪዥኑንና ጋዜጣውን አጥለቀለቀው። ያወጣው እስከዚያ ሰሞን ስሙ ተሰምቶ የማያውቅ «የአውስትራሊያ ቸርቻሪዎች ጥምረት» የሚባል ማኅበር ነው። የሚናገረው በትንንሽ ባለሱቆች ስም ነበር። መንግሥት የሲጋራ ፓኮ ሁሉ አንድ መልክ ይኑረው ማለቱ ማንንም ከማጨስ አያስቆምም፤ እኛን ግን ያከስረናል፤ ታዲያ ለምን አስፈለገ? ይላል። ሰው ለባለሱቅ ያዝናል። ለትምባሆ ፋብሪካ የሚያዝን ግን ከየት ይመጣል?

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድና የጤና ሚኒስትሯ ኒኮላ ሮክሰን በዓለም ላይ ማንም ያልሞከረውን እንደሚያደርጉ አስታወቁ። የሲጋራ ድርጅት የራሱን ቀለም፣ ዓርማና ጌጥ በፓኮ ላይ ማሳረፍ አይችልም፤ ስሙ ብቻ በተወሰነ ፊደልና መጠን ይጻፋል፤ አብዛኛውን ቦታ የታመመ ሳንባና የበሰበሰ ጥርስ ሥዕል ይይዘዋል። ሮክሰን አጫሽ የነበሩትን አባቷን ያጣችው በጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ነው፤ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ለፓኮው የተመረጠው ቀለም ሰው ሲያየው ደስ እንዳይለው ተጠንቶ የተገኘ ድብዝዝ ያለ ጥቁር ቡናማ ነው። መጀመሪያ «የወይራ አረንጓዴ» ሲባል የወይራ አምራቾች ማኅበር ስማችንን አታጉድፉብን ብሎ ተቆጣና መጠሪያው ተቀየረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ራሱ ጉዳይ በራሱ አንደበት የጮኸ ማኅበር ቢኖር ምናልባት ይኸው ብቻ ነው።

የቸርቻሪዎቹ ጥምረት ጩኸት የማን እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ለዘመቻው የወጣውን ከ5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የሸፈኑት ፊሊፕ ሞሪስ፣ ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮና ኢምፔሪያል ቶባኮ ናቸው። ኮልስና ዉልዎርዝስ የተባሉት ታላላቅ የገበያ ድርጅቶች ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ የጥምረቱ የውስጥ ሰነዶች አፈትልከው በአገሪቱ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ወጡ። ፊሊፕ ሞሪስና የቀጠረው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ዘመቻውን ከጀርባ እንደሚመሩት፣ ለጋዜጠኛ ማን ምን ይናገር የሚለው ሳይቀር በእነሱ እጅ እንደሚያልፍ ሰነዶቹ አሳዩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አውስትራሊያውያን ግን በጊዜ ጠረጠሩ።

ይህን ያነበበ ሰው ባለሱቁም አከፋፋዩም ቅጥረኛ ብቻ ነበሩ ብሎ ቢደመድም ግን ይሳሳታል። የራሳቸው ስጋት ነበራቸው፤ ስጋቱም ከሂሳብ የመነጨ ነው። ፓኮው ሁሉ አንድ መልክ ካለው ገዢው ለስም ብሎ ውዱን የሚመርጥበት ምክንያት ይሳሳል፤ ርካሹን ሲያነሳ ደግሞ ከዋጋው በመቶኛ የሚታሰበው የነጋዴው ድርሻም አብሮ ይወርዳል። ጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ ጉዳዩ ይብሳል። በአሜሪካ ለሰፈር ሱቆች ሲጋራና ከረሜላ ከሚያድሉት ድርጅቶች አንዱን፣ ኮር-ማርክን እንውሰድ። ባለፉት ዓሥርት ዓመታት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሽያጩ ሲጋራ ነበር፤ ከጠቅላላ ትርፉ ግን ሲጋራ ሲሶውን እንኳ አይሞላም ነበር። ሲጋራ ትርፉ ቀጭን ቢሆንም መኪናውን በየሳምንቱ ከሱቅ ሱቅ የሚያዞረው እሱ ነው፤ ብስኩቱና ለስላሳው በእሱ ጀርባ ታዝሎ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስለ ትምባሆ አዲስ ደንብ መጣ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ፋብሪካው ድንጋጤውን አልፈጠረውም፤ ተከራየው እንጂ።

የተከራዩት ድምፅ ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ በሰዓት ሊለካ የሚችል መሆኑ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ፓኮዎቹ ሲመሳሰሉ ሻጭ የታዘዘውን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይባክናል፤ ሰልፍ ይረዝማል፤ ሠራተኛ መጨመር ግድ ይሆናል ተብሎ ነበር። በጥምረቱ ወጪ የተሠራ የአማካሪ ድርጅት ጥናትም ይህን በዶላር አስልቶ አቀረበ። ሕጉ በኖቬምበር 2011 ጸድቆ ከዲሴምበር 1 ቀን 2012 ጀምሮ በየሱቁ ሥራ ላይ ሲውል ተመራማሪዎች በአራት ከተሞች በሚገኙ 303 ትንንሽ ሱቆች ገዢ ሆነው እየገቡ ሰዓት ያዙ። ከሕጉ በፊትም ለክተው ነበርና ማነጻጸሪያ አላቸው። ሻጩ ፓኮውን አንስቶ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂት ሰከንድ ጨመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ድሮው ተመለሰ። የሱቅን ሥራ የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። ባለሱቅ ዕቃውን የሚያገኘው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን ባስቀመጠበት ቦታ ነው።

ዘዴው አዲስ አልነበረም። በ1987 በአሜሪካ የቤቨርሊ ሂልስ ከተማ በምግብ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስትከለክል አንድ የምግብ ቤቶች ማኅበር ብቅ ብሎ ገበያችን በ30 በመቶ ወደቀ አለ፤ ከተማዋም በወራት ውስጥ ክልከላውን አላላች። በኋላ የሽያጭ ግብር መዝገብ ሲታይ ገበያው አልወደቀም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ራሳቸው ከዓመታት በኋላ እንደመሰከሩት ማኅበሩን ያደራጀው የትምባሆ ኢንዱስትሪ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በቤቨርሊ ሂልስ እውነቱ የወጣው ውሳኔው ከተቀለበሰ በኋላ ነው፤ በአውስትራሊያ ግን ሕጉ ገና ሳይጸድቅ ወጣ።

ዘመቻው ሲከሽፍ ፋብሪካዎቹ ጭምብሉን አውልቀው በስማቸው ፍርድ ቤት ቆሙ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦገስት 2012 ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ረታቸው። ከከሳሾቹ አንዱ ጄቲ ኢንተርናሽናል ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የምናውቀው። በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር የገዛውና በዓመቱ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ያሳደገው የጃፓኑ ኩባንያ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ፣ የፓኮውን 70 በመቶ ለማስጠንቀቂያ ሥዕል ሰጥቶ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥን ሲከለክል፣ የኩባንያው ጉዳይ ነበር። ነጠላ ሲጋራ አይሸጥ ሲባል ግን የተነካው ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ በየመንገዱ የሚዞረው ልጅ ነው። የእሱን ጉዳት የሚያሰላለት አማካሪ ድርጅት እስካሁን አልተቀጠረም።

ለአውስትራሊያ ባለሱቆች ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። «ኮንትሮባንድ ይስፋፋል» ይሉ ነበር፤ ኮንትሮባንድም ተስፋፍቷል። ያስፋፋው ቡናማው ፓኮ አይመስለኝም። የሲጋራ ኤክሳይዝ ታክስ ከ2013 እስከ 2020 በየዓመቱ በ12.5 በመቶ ሲቆለል ሕጋዊው ፓኮ ከብዙ ሰው ኪስ አቅም በላይ ሆነ፤ ወንጀለኞችም ክፍተቱን ሞሉት። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከ2023 ወዲህ ወንበዴዎች ገበያ ሲሻሙ ከመቶ በላይ ሱቆችና ንግድ ቤቶች በእሳት ተቃጥለዋል። አሁን የባለሱቁ አቤቱታ የራሱ ነው፤ የሚነደውም ሱቁ ነው። ግን ይኸው ቃል በ2010 በፋብሪካ ገንዘብ ከየቴሌቪዥኑ ሲለፈፍ ስለነበር፣ ዛሬ ባለሥልጣን ዘንድ ቀርቦ ሲናገረው መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደላከው ነው።