ያቃጠለንን መውደድ

ከደብረ ታቦር ከወጣሁ ስምንት ዓመት አልፎኝ ባለፈው ቡሄ ተመለስኩ። ለከተማችን ቡሄ የስሟ በዓል ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን። ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፣ ጉና በጉም ተሸፍኗል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሰፈራችን ግን ጠበበችብኝ። ልጅ ሆኜ ሜዳ ይመስለኝ የነበረው ቦታ ለካ ሁለት ቤት የማያሠራ ደጅ ኖሯል።

ማታ ችቦ ሲበራ የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ አጠገቤ መጣና «አጎቴ፣ ሴባስቶፖል እዚህ እኛ ጋ ነው አይደል የተሠራው?» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። «አዎ፣ ጋፋት ነው» አልኩት። ሌላም ልነግረው የሚገባ ነገር ነበረ፤ ከአፌ አልወጣም።

ታሪኩን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ሰዎቹ የመጡት ለወንጌል እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም፤ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው ነው የተሳካላቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙ የጥቁር ባሕር ወደብ ስም ነው፤ በክራይሚያ ጦርነት አንድ ዓመት ገደማ ተከባ የቆየች ከተማ። ባሕር አይተን የማናውቅ የደጋ ልጆች፣ የባሕር ከተማን ስም እንደ ጎረቤት ስም እየጠራን አደግን።

ቀጥሎ ያለውን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፍነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለው ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። መድፉ መንገድ እየተቆፈረለት፣ ገደሉን በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ያ ሁሉ የተደከመለት መድፍ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠውም። ዛሬ አምሳያው አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ለተቃጠሉት ቤቶች የቆመ ነገር ግን ሰፈራችን ውስጥ አላየሁም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እኛ ጋ ሲደርስ ተረቱ አልሠራም። የተወጋነውም እኛ፣ የረሳነውም እኛው ነን።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የወጋን እጅ ስም ስለሰጠን ነው። ሌላ ቦታ ሄደህ «የት ነው አገርህ?» ስትባል «የቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት» ማለት ደስ ይላል። «የተቃጠለው» ማለት ማንን ደስ ይላል?

ይህን ለጓደኞቼ ሳነሣ ሁለት መልስ አገኛለሁ። አንዱ «ሰውን በዘመኑ ሚዛን ነው መመዘን» የሚል ነው። እሺ፣ ልክ ነው። ግን ቤቷ የተቃጠለባት እናትስ የየትኛው ዘመን ሰው ነበረች? የዚያው ዘመን ሰው ናት። የሷን ለቅሶ ከሚዛኑ አውጥተን «የዘመኑ ሚዛን» ስንል፣ የጦረኞቹን ሚዛን ማለታችን ነው።

ሌላው «ለአገር አንድነት ሲሉ ነው» ይላል። የንጉሡ ሕልም ትልቅ እንደነበር አልክድም፤ እኔም እስካሁን ስማቸው ሲጠራ አንድ ነገር ውስጤን ይነካኛል። መውደዴን ተው የሚለኝ ካለ አልሰማውም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ለትልቅ ዓላማ ሲባል የተቃጠለን ቤት አለመቁጠር የሚለመድ ነገር ነው። በሞቱት ላይ የለመድነውን በቆሙት ላይ እንደግመዋለን። ነገ አንዱ ተነሥቶ «ለዓላማው ሲባል ነው» ቢለን፣ ያለመቁጠርን ትምህርት ገና በልጅነታችን ጨርሰነዋል። ያለንበት ጊዜ ደግሞ ይህን እንደ ድሮ ወሬ የምናወራበት አይደለም።

በማግስቱ ልጁን ይዤው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ወጣን። እየሄድን ነገርኩት። መድፉንም፣ ሚሲዮናውያኑንም፣ እሳቱንም። ጥቂት ዝም ብሎ ሄደና፣

«የእኛ ሰፈርም ተቃጥሏል?» አለኝ።

«ከተማዋ ናት የተቃጠለችው።»

«እና ሰዎቹ የት አደሩ?»

መድፉ ስንት ቶን እንደሚመዝን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።