ጎረቤትነት በግድግዳ ነውን?

በ2016 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ አቅራቢያ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ለመሆኑ ግድግዳው ሲፈርስ የጎረቤት ዕዳስ አብሮ ይፈርሳልን? አንዳንዶች «ምጣድና ወንፊት መዋዋስ፣ ቡና መጠራራት የድህነት ልማድ ነው፤ ሰፊ ቤት ያገኘ ምን ቸገረው?» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ለጋራ መጸዳጃ ቤት ተሰልፎ ያደገ ሰው ጥበቱን አያወድስም! ነገር ግን ያስተሳሰረን ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሮ የቀድሞ ሰፈርተኛውን ሊቀብር የሚመጣው ሰው ምን ፈልጎ ነው? ምጣድ ሊዋስ አይደለም። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ የዕድሩ ነው፤ ማጽናናቱ ግን የሰው ነው። ለታክሲ የሌላቸው እናቶችስ? ወርኃዊ መዋጮአቸውን ቤታቸው ድረስ ሄደን የምንቀበል፣ ለቅሶ ሲኖርም የምንነግርና ይዘናቸው የምንመጣ እኛ ወጣቶች መሆን አለብን እንላለን፤ ጉልበቱ ያለን እኛ ነንና።