አማትቦ መዋጥ

እግዚአብሔር በሽተኛን ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ከዚሁ እምነት ተነሥቶ ግን አንድ ጥያቄ ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ ኖሯል። ፈውስ ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎድሏል ማለት ነው?

ጥያቄው የተወለደብኝ እንጦጦ ነው። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ማደል ሳይጀምር በፊት፣ ቫይረሱ ያለበት ድሀ መድረሻ አልነበረውም። ቤተሰብ ሳህኑን ይለይበታል፤ አከራይ ዕቃውን አውጥቶ ይጥልበታል። የእንጦጦ ማርያም ጠበል ግን ይቀበለዋል። በአካባቢው ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዷን ይከራይና በዚያ ብርድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ይጠመቃል። እነዚያን ሰዎች «አለማወቅ ነው» ብሎ የሚያልፋቸው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሌላ የት ይሂዱ ነበር?

ነገሩ የተወሳሰበው መድኃኒቱ ሲመጣ ነው። ቫይረሱ ያለባት እህቴ እዚያው ሱባዔ እንደያዘች መድኃኒቱን ጀመረች። ክኒኑ ያን ጊዜ ጠዋትና ማታ ሰዓቱን ጠብቆ ይዋጥ ነበር፤ ጠበሉ ደግሞ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። አብራት የተከራየችው ሴትም መድኃኒቱን ጀምራ ነበር፤ «ካመንሽ ተይው» ያሏትን ሰምታ አቆመችው። «በክኒን ከዳንኩማ ማርያም አዳነችኝ ብዬ እንዴት እመሰክራለሁ?» ትል ነበር።

እህቴም ልቧ ተከፍሎ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ክኒኑን ልተወው ወይ?»

«ማን ተይው አለሽ፣ ልጄ? አማትበሽ በጠበሉ ዋጪው።»

እንዲሁ አደረገች። ከተጠመቀች በኋላ ነጠላዋ ሳይደርቅ ከቢጫው ጀሪካን ጠበል በጣሳ ትቀዳለች፤ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ታማትብና ትውጣለች። ቆየት ብሎም፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ።

እህቴ ዛሬ በሕይወት አለች። ያቺ ሴት አረፈች።

ከቀብሯ መልስ «እምነቷ ጎድሎ ነው» ሲባል ሰማሁ። ይህን ነገር ደጋግሜ መረመርኩት፤ በምንም በኩል አልቆም አለኝ። ያቺ ሴት ሌሊቱን ስትሰግድ የምታድር፣ ሕይወቷን ሁሉ በአንድ ተስፋ ላይ የጣለች ነበረች። እህቴ ግን ተጠራጥራለች። ፈውስ በእምነት ብዛት ተመዝኖ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ መዳን የነበረባት ያቺ ሴት ነበረች።

ታዲያ መድኃኒትን መተው ከየት መጣ? ከመጽሐፍ እንዳይሆን ሰጋሁና ፈለግሁ። ለተከራካሪ የሚመቸው የንጉሥ አሳ ታሪክ ነው። እግሩን ታሞ እግዚአብሔርን ሳይፈልግ ባለመድኃኒቶችን በመፈለጉ ተወቅሷል። ይህ ለረጅም ጊዜ ያዘኝ። ግን የተወቀሰበት ጉዳይ ሐኪም መጥራቱ ነው ወይስ እግዚአብሔርን መተዉ? ሕዝቅያስ ይህን ፈታልኝ። ሞት ተነግሮት ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ያንኑ የምሥራች ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ዕድሜ የሚጨምር አምላክ በለስ ባላስፈለገውም ነበር፤ አልናቀውም ግን። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሐኪምም ሊከበር እንደሚገባው ያስተምራል።

ሌላ ጥርጣሬ ተከተለ። ክኒኑ ለሚያምነውም ለማያምነውም እኩል ይሠራል፤ እንግዲያ የእግዚአብሔር እጅ የቱ ላይ ነው? ይኼኛው ብዙ አላስቸገረኝም። ዝናቡም ለጻድቁና ለኃጥኡ እኩል ይዘንባል፤ በዚህ ምክንያት ዝናብን ከእግዚአብሔር አይደለም ያለ ገበሬ አላውቅም።

መድኃኒቱን አቁሞ መፈወስን መጠበቅ ጌታ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ እንቢ ያለውን ፈተና ይመስለኛል። ያቺን ሴት ግን እግዚአብሔርን ተፈታተነች ለማለት አልደፍርም። የታመነ አፍ ነገራት፣ ታዘዘች። የምጠይቀው ተናጋሪውን ነው። ጠበል ዳርም ይሁን የፈውስ ጉባኤ በሚካሄድበት አዳራሽ፣ «ድነሻል፣ ክኒኑን ጣይው» የሚል ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ይወቅ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል፤ በሽተኛዋ ተጸጽታ ስትመለስ የቀድሞው ክኒን ላይሠራላት ይችላል። «ተይው» ያላት ሰው ያን ጊዜ አጠገቧ አይገኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ጸልየው ያልዳኑት። ጳውሎስ በኤፌሶን ሳለ ከአካሉ የነካ ጨርቅ እንኳ ሕመምተኛ ይፈውስ ነበር። ይኸው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ትቶታል፤ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል፤ የገዛ ሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም። ከእነዚህ በአንዱም ላይ እምነቱ ጎደለ የሚል ቃል የለም።

ቤተ ሳይዳን ደግሞ አሰብኩ። በመጠመቂያዋ ዳር ብዙ በሽተኛ ተኝቷል፤ ጌታ 38 ዓመት የታመመውን አንዱን አስነሣው። ሰውየው ያዳነው ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀም ነበር፤ ፈውሱ ቀደመ፣ ማወቁ በኋላ መጣ። እምነቱ ተለክቶ አልተሰጠውም። ይህን ሳገኝ ለያቺ ሴት ልቤ እረፍት አገኘ፤ ወዲያው ግን የባሰ ጥያቄ ተነሣብኝ። እዚያው የተኙት ሌሎቹስ? እነሱም የሚጠብቁት ያንኑ ውኃ ነበር። ለምን አንዱ ብቻ? ወንጌሉ አይናገርም። አባቶችን ጠይቄአለሁ፤ የፈቃዱ ምሥጢር ነው ይሉኛል፤ አምናለሁ፤ ጥያቄው ግን አልተፈታልኝም።

አሁን ሰው ታሞ «ጸልይልኝ» ሲለኝ፣ እንዲድን በግልጽ እለምናለሁ። አሜን ካልን በኋላ የሐኪም ቀጠሮው መቼ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ብቻውን የሚሄድ ከሆነም አብሬው እሄዳለሁ። ሳይድን ቢቀር ምክንያቱን እሱ ላይ አልፈልግም።