ከወንዝ ማዶ የቆመው ሐውልት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ሲባል ተረቱ ሰውን በሁለት ወገን ከፍሎ ያስቀምጣል። የተወጋው ሕዝብ በሌላ ስፍራ የወጋ ሆኖ ሲገኝስ? ይህን ከባድ ጥያቄ ያነሡት ከሩቅ ሆነው የሚፈርዱ ሰዎች ሳይሆኑ የሂሮሺማን ፍርስራሽ የረገጡ ባልና ሚስት ሠዓሊዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦምብ በከተማይቱ ላይ በተጣለ በቀናት ውስጥ ኢሪ ማሩኪ ዘመዶቻቸውን ፍለጋ ወደዚያው አመሩ፤ ባለቤታቸው ቶሺም ተከተሏቸው። ያዩትን በሥዕል ለሕዝብ ማሳየት የጀመሩት በ1950፣ ጃፓን ገና በአሜሪካ ጦር ሥር ሳለች ነበር። ልብሳቸው ነዶ፣ ቆዳቸው ተገፎ፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው የሚሄዱ ሰዎች በትላልቅ ወረቀቶች ላይ ታዩ። በዚያን ጊዜ ከቦምቡ የተረፉት ብዙዎቹ ጠባሳቸውን ይሸሽጉ ነበር፤ ሥራ የሚከለክላቸው፣ ልጆቻቸውን ለጋብቻ የማይፈልግ አይጠፋምና። በ1954 በቢኪኒ የተሞከረው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ በ23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች ላይ ሲዘንብ ግን ተቃውሞው ገነፈለ፤ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በየቤቱ ታምቆ የኖረው ሐዘን አደባባይ ወጣ።

አደባባይ የወጣው ሐዘን ግን ሟቹን ሁሉ አላቀፈም። ጃፓን ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያን በቅኝ ስትገዛ ብዙ ኮሪያውያን፣ ከፊሎቹም ተገደው፣ በሂሮሺማ ይሠሩ ነበርና ቦምቡ እነርሱንም ፈጅቷል። መታሰቢያቸው በ1970 ሲቆም ከሰላም መናፈሻው ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሩኪዎች «ቁራዎች» የተባለውን ሥዕል ሠሩ፤ በተጣለ የኮሪያውያን ሬሳ ላይ የሚወርድ የቁራ መንጋ ነው። በ1975 ደግሞ የጃፓን ጦር በ1937 በናንኪንግ የጀመረውን ጭፍጨፋ ሣሉ።

ይህስ ቦምቡን ለጣለው ማመካኛ አይሰጥምን? የሚል ይኖራል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በሂሮሺማ የነደደው ሕፃን በናንኪንግ ማንንም አልገደለም፤ የአንዱ ሬሳ የሌላውን ዕዳ አይከፍልም። ይልቁንም የራሱን ሙት ብቻ የሚቆጥር ተቃውሞ «እናንተስ?» የተባለ ዕለት መልስ ያጣል። ማሩኪዎችም ናንኪንግን በመሣላቸው የቦምቡን ነገር አልተዉም፤ የተከታታይ ሥዕሎቻቸውን 15ኛ፣ «ናጋሳኪ»ን፣ የፈጸሙት በ1982 ነው።

የኮሪያውያኑ ሐውልት ወደ መናፈሻው የገባው በ1999 ነው። ወንዙ ድልድይ አለው፤ በእግር ለሚሻገር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።