በመስከረም ቀስት ለምታነሡ

ልጆቼ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አድጋችሁ ዘንድሮ የአደን ፈቃድ ያወጣችሁ፣ ወይም ከሀገር ቤት መጥታችሁ የሥራ ባልደረባችሁ «ና፣ አጋዘን እናድን» ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። የመጀመሪያው ወር አደን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በማነጣጠር ጉድለት ሳይሆን በመመላለስ ነው። ወቅቱ ሲከፈት የሰው ልብ ይቸኩላል፤ ሰኞም ማክሰኞም ጫካ ካልገባሁ ይላል። አጋዘን ግን የሰው ሽታ የበዛበትን ቦታ በብርሃን መርገጥ ይተዋል። ስለዚህ ብዙ ተመልከቱ፣ ጥቂት ጊዜ ግቡ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አስቀድማችሁ አውሬውን እወቁት። በሀገራችን ቆላ የምናውቀው አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። የአሜሪካው ባለነጭ ጅራት በየዓመቱ ጥሎ በየዓመቱ ያበቅላል። ሰመሩን ሙሉ ቀንዱ በለስላሳ ፀጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የወንድነት ሆርሞኑ ይጨምርና ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳውን በቁጥቋጦ እየፈተገ ይገፈዋል። እስከዚያ ድረስ ወንዶቹ በቡድን ይውላሉ፤ አመሻሽ ላይ በለመዱት መንገድ ወደለመዱት ማሳ ይወጣሉ። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ መገፋፋት ይጀምሩና ቡድኑ ይበተናል፤ አንዳንዱም መዋያውን ይቀይራል። በኦገስት ያያችሁት ወንድ በኦክቶበር እዚያው ይጠብቀኛል አትበሉ። የሜሪላንድ የቀስት ወቅት በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን አካባቢ፣ ስለሚከፈት የሰመሩ ልማድ ገና ሳይፈርስ ትደርሱበታላችሁ። በቨርጂኒያ ግን ዋናው የቀስት ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ጥናት ያስፈልጋል።

ጥናቱ የሚጀምረው ከምግቡ ነው። አኩሪ አተር ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አጋዘን በየምሽቱ ይወጣበታል፤ ቅጠሉ ሲገረጣ ይተወዋል። በዚሁ ሰሞን የኦክ ዛፍ ፍሬ መርገፍ ይጀምራል። የነጩ ኦክ ፍሬ መራራነቱ ከቀዩ ያነሰ ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ ክብ ክብ ስለሆነ ከቀዩ ሹል ቅጠል በቀላሉ ይለያል። እንግዲህ ማሳው ባዶ ሲሆን ብዙ ሰው «አጋዘኑ ጠፋ» ብሎ ያማርራል። አልጠፋም፤ ከማሳው ወደ ጫካው፣ ከኦክ ሥር ገብቷል። አዲስ በጠጥ፣ የተሰባበረ የፍሬ ቅርፊትና የተገላበጠ ቅጠል ካያችሁ ቦታው እሱ ነው። ይህን ፍለጋ ግን በየቀኑ አታድርጉት። ማሳውን ከሩቅ በመነጽር ተመልከቱ፤ ወደ ጫካው ውስጥ የምትዘልቁ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ፣ ቢቻል ዝናብ ሊጥል ሲል ይሁን፤ ዝናቡ ሽታችሁን ያጥብላችኋል።

ጠዋት ወይስ ማታ? በዚህ ወቅት ማታን ምረጡ። አጋዘን ሌሊቱን ማሳ ላይ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ መዋያው ይመለሳል፤ እናንተ በጨለማ ስትገቡ መንገድ ላይ ትገጥሙትና ታስደነግጡታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እሱ ተኝቷል፤ በመዋያውና በምግቡ መካከል በጸጥታ ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ከሞቃት ቀናት በኋላ ቀዝቃዛ አየር ሲገባና ሙቀቱ በአንዴ ሲወርድ፣ ያቺን ምሽት ለሌላ ጉዳይ አትስጧት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመዋያው የሚነሣው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ነፋስ ከሁሉም በላይ ነው። ከአጋዘን ዓይን ብትሰወሩ ከአፍንጫው አትሰወሩም። ነፋሱ ከእሱ ወደ እናንተ መንፈስ አለበት። ተራራማ ቦታ ላይ ደግሞ የትንበያውን ነፋስ ብቻ አትመኑ፤ ፀሐይ ስትሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከሰዓት ትክክል የነበረው መቀመጫ ሲመሽ ሽታችሁን ቁልቁል ሊያወርድባችሁ ይችላል። ጥቂት ዱቄት በትናችሁ አቅጣጫውን ፈትኑ። መውጫችሁንም ከመግቢያችሁ እኩል አስቡበት፦ ጨልሞ አጋዘኖቹ ማሳው ላይ ካሉ ዛፍ ላይ ካለው ማማችሁ ዘላችሁ አትውረዱ። ጓደኛችሁ ወይም ባለ እርሻው በመኪና ቀርቦ ያስነሣቸው፤ መኪናውን ይሸሹታል እንጂ እናንተን ከዚያ ዛፍ ጋር አያያይዟችሁም።

ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ስትቀመጡ እግራችሁ ከመሬት ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ የደኅንነት ማሰሪያ ታጠቁ። ፍላጻ ከመልቀቃችሁ በፊት አጋዘኑ ጎኑን የሰጣችሁ መሆኑን እዩ፤ ርቀቱም በልምምድ ከምታስተማምኑበት አይለፍ። ለጀማሪ 20 ያርድ ይበቃል። ከትከሻው ኋላ ያለው የሳንባ ቦታ ነው የሚፈለገው። ደሙ ፈካ ያለና አረፋማ ከሆነ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ተከተሉት። ከጠቆረ ጉበት ነው፤ ብዙ ሰዓት መታገሥ ይፈልጋል። የፈርስ ሽታ ካለው ጨጓራ ተመትቷል፤ ከዚያም የበለጠ መጠበቅ ግድ ነው። የሴፕቴምበር ሙቀት ግን ሥጋ አይጠብቅም። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ፍላጻ አትልቀቁ። ከወደቀ በኋላ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ፤ በረዶ መኪናችሁ ውስጥ አስቀድሞ ይኑር፤ ሥጋው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስኪደርስ አትዘናጉ። ቤት ስትገቡ ገላችሁን ፈትሹ፤ ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር የምታልፉበትን ሣር ትወዳለች።

ሕጉን በወሬ አትያዙ። ቀኑ፣ የተፈቀደው ቁጥርና የእሑድ አደን ደንብ በየዓመቱና በየካውንቲው ይለያያል፤ የዘመኑን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ። የባለ መሬቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የአጋዘንን አንጎል የሚያጠፋው መንማኝ በሽታ በሁለቱም ግዛቶች ስላለ፣ በታወቀባቸው አካባቢዎች ሥጋውን ሳትበሉ አስመርምሩ። ሰውን መያዙ እስካሁን ባይረጋገጥም የታመመውን ሥጋ አለመብላት የጤና ባለሙያዎች ምክር ነው። እንስት መግደልም ነውር አይደለም፤ የአጋዘኑ ቁጥር በበዛበት ሰፈር የሚፈለገው እሱ ነው። ግልገሏ ነጠብጣቡ ሳይጠፋ የሚከተላትን ግን፣ ሕግ ቢፈቅድም፣ እኔ እተዋታለሁ።

ስለ ገበታውም ልናገር። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ተቆጥረዋል። የአሳረዱ ጥያቄ ግን ስላለ ክርስቲያኑ ለነፍስ አባቱ፣ ሙስሊሙ ለሼኹ አስቀድሞ ያቅርብ፤ ሥጋው ማዕድ ላይ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ክርክር እናትንም እንግዳንም ያስከፋል። የኦርቶዶክስ ልጆች ቀን መቁጠሪያውንም እዩ። ፍልሰታ በነሐሴ 16 ከተፈታ በኋላ እስከ ኅዳር 15 ድረስ፣ ከረቡዕና ከዓርብ እንዲሁም ከጽጌ የፈቃድ ጾም በቀር፣ ረጅም ጾም የለም። የአጋዘኑ የስሪያ ወቅት በዚህ አካባቢ የሚደምቀው በኖቬምበር አጋማሽ፣ ማለት ኅዳር እንደባተ ነው። ያን ጊዜ ወንዱ እንስት ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ይንከራተታል፤ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለቤት የሚሆን ሥጋ የሚገኝበት ሁነኛ ጊዜም እሱ ነው።

እንግዲህ በመስከረም በመመላለስ ያደፈረሳችሁት ጫካ በኅዳር የሚከፍላችሁ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ያባቶቻችን ፉከራ ግዳይ ከወደቀ በኋላ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት ያለው ሥራ መቀመጥና ማየት ነው። ነፋሱ የተስማማበትን፣ ምግቡ የታወቀበትንና አየሩ የቀዘቀዘበትን ምሽት ጠብቃችሁ ግቡ። ሦስቱ ካልተገናኙ ቤታችሁ ዋሉ፤ ቀስታችሁን ተለማመዱ።